ታቦቱስ የት ሄደ? የአንዲት የተዘጋች የለንደን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስፈልግ የገጠመኝ

መጀመሪያ የገባሁ ዕለት በሩን ተሳልሜ ነው የገባሁት። ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ጽዳት ጨርሼ፣ አንድ ወረቀት የሚፈርምልኝን አለቃ ስጠብቅ አራት ሰዓት ሆነብኝና በቴምዝ ዳር ወደ ላምቤዝ ድልድይ በእግሬ ሄድኩ። ከካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቤተ መንግሥት በር ጎን አሮጌ የድንጋይ ማማ አለ። ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን ስሟን አነበብኩ፤ ቅድስት ማርያም። በእኛ ሰኔ 21 ነበር፣ ሕንጸታ። እናቴ ብትሰማ «ጠርታሽ ነው» ነው የምትለው። ነጠላ ስላልያዝኩ ሻርፔን አናቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ አማትቤ፣ የበሩን እንጨት ስሜ ገባሁ።

የዕጣን ሽታ ስጠብቅ የማኪያቶ ሽታ ተቀበለኝ። አንዲት ልጅ ከጠረጴዛ ጀርባ ፈገግ ብላ «ትኬት ይዘሻል?» አለችኝ።

ሙዚየም ናት። ጋርደን ሙዚየም ይባላል፤ የአትክልተኝነት ታሪክ የሚታይበት ቤት። አካፋ፣ የውኃ ማጠጫ ቆርቆሮ፣ የድሮ የዘር ከረጢት፣ እና በግድግዳው ላይ የሙታን ስም። አፈርኩ፤ ትንሽም ተናደድኩ። ግን ትኬቱን ቆረጥኩ። ከዚያ ወዲህ ይኼው ስንት ዓመቴ፣ የዕረፍት ቀኔን የተዘጉ የአንግሊካን አጥቢያዎችን ታሪክ እያሳደድኩ ነው የማሳልፈው። ዲግሪ የለኝም፤ እንግሊዝኛዬም የፈረቃ እንግሊዝኛ ነው። ይህን የምጽፈው አውሮፓ ውስጥ ከአንግሊካን በተገዛ ወይም በተከራየ ሕንጻ ለሚገለገሉ፣ ወይም እንደኔ በሰፈራቸው ያለው የተዘጋ ደብር ነገር ለሚከነክናቸው ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሜ ስለ እሷ ልንገራችሁ።

ቦታው ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በፊት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነበረበት፤ የንጉሥ ኤድዋርድ እህት ጎዳ እንዳሠራችው ይነገራል። አሁን ከቆመው ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ ማማው ነው፤ የ1370ዎቹ ሥራ። አናቱ ድረስ 131 ደረጃ አለው፤ ከሌሊት ፈረቃ በኋላ አትሞክሩት። የቀረው ሕንጻ ግን ጎብኚው እንደሚያስበው የመካከለኛው ዘመን አይደለም። በ1851 እና በ1852 ፊሊፕ ቻርልስ ሃርድዊክ የሚባል አርክቴክት እንደገና ሠርቶታል። ይህን ሳላውቅ ዓምዶቹን ሁሉ «ስድስት መቶ ዓመት!» እያልኩ በጣቴ ዳስሻለሁ። እንግሊዝ አገር የቪክቶሪያ ዘመን ሰዎች ያልነኩት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ማግኘት ብርቅ ነው። ስለዚህ ሕንጻ ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት «መቼ ተሠራ?» ሳይሆን «መቼ መቼ ታደሰ?» ይሁን።

ቅጥር ግቢዋ ውስጥ ሁለት ዝነኛ መቃብሮች አሉ። አንደኛው የትራደስካንቶቹ ነው፤ አባትና ልጅ ሁለቱም ጆን፣ ሁለቱም የነገሥታት አትክልተኛ። ከየአገሩ ዘርና ብርቅ ነገር እየሰበሰቡ በቤታቸው ለሕዝብ ያሳዩ ነበር። ስብስቡ በኋላ ጎረቤታቸው በነበረው በኤሊያስ አሽሞል እጅ ገብቶ በ1683 ኦክስፎርድ ላይ የተከፈተው የአሽሞሊያን ሙዚየም መነሻ ሆነ። አሽሞልም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀብሯል። የአባትና ልጁ መቃብር ላይ አዞ ተቀርጿል፤ ጎኑ የፈራረሰ ከተማ፣ ዞር ስትሉ የራስ ቅል። መስቀል ስፈልግ አዞ አገኘሁ ብዬ ለእህቴ ፎቶ ላክሁላት።

ሁለተኛው ባውንቲ የተባለችው መርከብ ካፒቴን የነበረው ዊሊያም ብላይ ነው፤ በ1817 የሞተው። ጽሑፉን ቁጭ ብዬ ቃል በቃል ገለበጥኩት። ብሬድፍሩት የሚባለውን ዛፍ ከታሂቲ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች መጀመሪያ ያሻገረ ዝነኛ መርከበኛ፣ ለአገሩ በጀግንነት የተዋጋ፣ ተወዶና ተከብሮ የሞተ ይላል። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ታሪኩ ግን የራሱ መርከበኞች በ1789 አምፀው በጀልባ ባሕር ላይ ጥለውት መሄዳቸው ነው። ስለዚያ ድንጋዩ ትንፍሽ አይልም። የመቃብር ድንጋይ ቤተሰብ ያዘዘውን ነው የሚናገረው፤ ልክ እንደ እኛ የአርባ ቀን ባነር። ገልብጡት፣ ግን ለብቻው አትመኑት።

ድንጋይ ከገለበጣችሁ አይቀር አንድ ወጥመድ ልጠቁም። እንግሊዞች እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመታቸው መጋቢት 25 ነበር የሚብተው። የካቲት 1661 ተብሎ የተጻፈ ሞት በዛሬው ቆጠራ 1662 ነው ማለት ነው። አንዳንዱ መዝገብ «1661/2» ብሎ ሁለቱንም ይጽፋል። ፈረንጆቹ አንባቢዎች ራሳቸውን ሲያኩ እኔ ሳቅሁ። መስከረም ላይ ዓመት ለሚቀይር ሰው ይህ ምን ይገርመዋል!

ስለ ዘግናኙም ልንገር። ሙዚየሙ ለእድሳት በተዘጋበት በ2016 ሠራተኞች ወለል ሲያስተካክሉ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቢያነሡ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ ብቅ አለ። ስልካቸውን እንጨት ላይ አስረው ካሜራውን ቢያስገቡ፣ የተደራረቡ የእርሳስ የሬሳ ሣጥኖች፤ ከአንዱ ላይ ደግሞ በወርቅ የተለበጠ የጳጳስ አክሊል። ሣጥኖቹ 30 ነበሩ። ከውስጣቸው የካንተርበሪ ሊቃነ ጳጳሳት አሉ፤ አንዱ ሪቻርድ ባንክሮፍት ነው፣ በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በበላይነት ሲመራ ቆይቶ መጽሐፉን ሳያይ በ1610 የሞተው። አሁን ወለሉ ላይ መስተዋት ተገጥሞ ደረጃው ይታያል። ይህን ያየች አንዲት ሐበሻ ጓደኛዬ መስተዋቱን ላለመርገጥ በግድግዳው ጥግ ጥጉን ነው የዞረችው።

ታዲያ እንዲህ ያለች ደብር፣ የሊቀ ጳጳሱ ጎረቤት፣ እንዴት ተዘጋች? እናቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥታ ይዣት የሄድኩ ቀን የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው፤ በራሷ አነጋገር። ነጠላዋን እንዳጣፋች መሃል ቆማ ኬክ የሚበሉትን ሰዎች አየች፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ ባለቀለሙን መስኮት አየች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ታቦቱስ የት ሄደ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ እነሱ ታቦት የላቸውም።»

«ታዲያ ምን ሲወጣ ነው ባዶ የሆነው?»

መልሱን ለማግኘት ወራት ፈጀብኝ፤ ያገኘሁት ግን ሕግ ነው። በእኛ ታቦት ከሌለ ቤቱ አዳራሽ ነው። በእነሱ ጳጳሱ ሕንጻውን ሲባርክ የሚፈርመው ሰነድ አለ፤ ያ ቅድስና በሕግ ጸንቶ ይኖራል፤ ሲዘጋም የሚያነሣው ሌላ ሰነድ ነው። በ1968 የወጣውና በማግሥቱ ዓመት ሥራ ላይ የዋለው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ምእመን የራቃቸው አጥቢያዎች እንዴት እንደሚዘጉ ደነገገ፤ ዛሬ በቦታው ያለው የ2011ዱ ነው። አንድ አጥቢያ ሲዘጋ የቤተ ክርስቲያን ኮሚሽነሮች የሚባለው አካል «ስኪም» የሚሉትን ሰነድ ያወጣል። ለምን ዓይነት አገልግሎት ይዋል፣ መሠዊያውና ንዋያተ ቅድሳቱ የት ይሂዱ፣ የተቀበሩት ምን ይሁኑ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ከ1969 ወዲህ ወደ 2,000 የሚጠጉ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ መንገድ ተዘግተዋል።

የላምቤዟ ማርያም በ1972 ተዘጋች። አግዳሚ ወንበሮቹና ደወሎቹ ወጡ፤ ሕንጻው እንዲፈርስ ታሰበ። የወንዙ ዳር ሰፈር ቢሮና ሆስፒታል ሆኖ ነዋሪው ተመናምኖ ነበር። በ1976 ሮዝመሪ ኒኮልሰን የምትባል ሴት የትራደስካንቶቹን መቃብር ፍለጋ መጣች፤ በሳንቃ የታሸገ ቤተ ክርስቲያንና ዳዋ የዋጠው ግቢ ጠበቃት። በሚቀጥለው ዓመት ከባሏ ጋር ማኅበር አቋቁማ ሕንጻውን ለአትክልት ታሪክ ሙዚየምነት ጠየቀች። ያ አዞ ነው ቤተ ክርስቲያኒቱን ያተረፋት ማለት ይቻላል። ለእናቴ ይህን ስነግራት «እመቤታችን በአዞም ታስጠብቃለች» ብላ ዘጋችው።

እንግዲህ የእናንተን ሕንጻ ታሪክ ስትፈልጉ፣ ከሥረ መሠረቱ አትጀምሩ። ከመዘጋቱ ጀምሩ። እኔ ከጎዳ ጀምሬ ሦስት ሳምንት ባክኛለሁ። ስኪሙ ቀኑን፣ የአጥቢያውን ትክክለኛ ስምና ከየትኛው አጥቢያ ጋር እንደተዋሐደ ስለሚነግራችሁ ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ ይቀላል። የኮሚሽነሮቹ ወረቀት በላምቤዝ ፓላስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ከሆስፒታላችን ፊት ለፊት፣ በቤተ መንግሥቱ አትክልት ጥግ ያለው ቀይ የጡብ ሕንጻ ነው፤ ነጻ ነው። በ1818 የተቋቋመውና አብያተ ክርስቲያናት ሲሠሩና ሲታደሱ ገንዘብ ይደጉም የነበረው ማኅበር ያስቀመጣቸው የሕንጻ ፕላኖችም እዚያ አሉ። እነዚያ ፕላኖች ወንበር በወንበር ተሥለዋል፤ የትኛው ለድሃ ነጻ፣ የትኛው የሚከራይ እንደነበር ሳይቀር።

የመጀመሪያ ቀኔ ግን ውርደት ነበር። እስክሪብቶና ቡና ይዤ ወደ አንድ የንባብ ክፍል ገባሁ። የቤቱ ሰው በትሕትና ሁለቱንም ተቀብሎ አንዲት እርሳስ ሰጠኝ፤ ቦርሳዬንም ሳጥን ውስጥ ቆለፈው። ደንቡ ሁሉም ጋ ያው ነው፤ ቀለም ክልክል፣ ምግብ ክልክል፣ ፎቶ በፈቃድ፣ ለመግቢያ ካርድ መታወቂያና አድራሻ ያለበት ደብዳቤ። ሰነዱንም ቀደም ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል። እኔ ዝም ብዬ ሄጄ «መጋዘን ነው ያለው፣ ሌላ ቀን» ተብዬ ተመልሻለሁ።

ከዚያ የክፍለ ሀገሩ ነገር አለ፤ ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። በላምቤዝ በኩል ያለው የቴምዝ ደቡብ ዳርቻ እስከ 1889 ድረስ ለንደን አልነበረም፤ ሰሪ የሚባለው አውራጃ ነበር። ሀገረ ስብከቱም እንደዚያው ተለዋውጧል። ላምቤዝ እስከ 1877 በዊንቸስተር ጳጳስ ሥር ነበረች፤ ቀጥሎ ሮቸስተር፤ ከ1905 ወዲህ ሳውዝዋርክ። ስለዚህ በ1850 ስለተሠራ ግንብ የጳጳሱን ደብዳቤ ለማየት ለንደን መዞር ከንቱ ነው፤ ወረቀቱ ጳጳሱን ተከትሎ ነው የሚሄደው። የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገቦቹ ግን ባብዛኛው ለንደን ክለርከንዌል ባለው ትልቁ ቤተ መዛግብት ተሰብስበዋል። ከ1813 ወዲህ ያለው የቀብር መዝገብ የታተመ ቅጽ ስለሆነ ስም፣ መኖሪያና ዕድሜ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ከዚያ በፊት ያለው እንደ ቄሱ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ዕድላችሁን ሞክሩ። የላምቤዙ መቃብር ከ26,000 ሰው በላይ ተቀብሮበት ሞልቶ በ1854 ተዘጋ። የኮሌራው ዘመን ገጾችን ስገልጥ ዕድሜ የሚለው ዓምድ ሥር የሕፃናት ቁጥር እየበዛ ሲመጣ መዝገቡን ከድኜ ወደ ውጭ ወጥቻለሁ።

ጽሑፍ ላይ ያለ ሁሉ እውነት አይደለም፤ ግን ተረቱንም አትጣሉት። ማርያም ውስጥ አንድ ሱቅ በደረቴ ከነውሻው የተሣለበት መስኮት ነበር። ሱቅ በደረቴው አንድ ኤከር መሬት ለአጥቢያው ሰጥቶ «እኔንና ውሻዬን መስኮት ላይ አኑሩን» አለ ይባላል። ሰውየው እንደተባለው ይሁን አይሁን፣ መሬቱ ግን እርግጥ ነው፤ የሱቅ በደረቴው ኤከር ተብሎ በካርታ ላይ አለ፤ በኋላ የለንደን ምክር ቤት ግዙፍ ሕንጻ የተሠራበት ቦታ ነው። መስኮቱን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ሰባበረው፤ በ1956 ሌላ ተተካ። ተረቱን ይዤ ነው ካርታውን ያገኘሁት።

እኛን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። አጥቢያዎች ንብረታቸውን የሚቆጥሩበት መዝገብ ይይዛሉ። ከ1868 በኋላ ያለውን አግኝታችሁ ከሆነ በትዕግሥት አንብቡት፤ የመቅደላ ዘረፋ ዓመት ነው። በ2001 ኤድንብራ ውስጥ ቅዱስ ዮሐንስ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ ከመቅደላ የሄደ ታቦት ተገኝቶ በማግሥቱ ዓመት ለኢትዮጵያ ተመልሷል። «ከአቢሲኒያ የመጣ እንጨት» ዓይነት መስመር ብታዩ አትለፉት።

ሕንጻ ልትገዙ ወይም ገዝታችሁ ለሆነ ደግሞ፣ ታሪኩ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ባተርሲ ኩዊንስታውን መንገድ ላይ ያለችው የደብረ ጽዮን ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያናችን በ1870 ገደማ የተሠራች፣ ቅዱስ ፊሊጶስ የምትባል የአንግሊካን አጥቢያ ነበረች፤ ጄምስ ኖውልስ ነው የነደፋት። እንዲህ ያሉ ሕንጻዎች ብዙዎቹ በቅርስነት ተመዝግበዋል። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን በራሷ የፈቃድ ሥርዓት ስለምትተዳደር ሕንጻውን ስታሻሽል ከመንግሥት የቅርስ ፈቃድ ነጻ ናት። ያ ነጻነት ግን ከሽያጩ ጋር አይተላለፍም፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከተፈቀደላቸው ውስጥ የለችበትም። በሌላ ከተማ ያለች አንዲት አጥቢያ ይህን ሳታውቅ ለመቅደሱ የእንጨት ግድግዳ አቆመችና ከወረዳው ደብዳቤ መጣባት፤ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ታሪኩን እንድፈልግላቸው የደወሉልኝ ያኔ ነው። አብረን ስናይ እዚያው ቦታ ላይ እስከ 1930ዎቹ ድረስ የእንጨት ማገጃ እንደነበረ የድሮ ፕላኑ አሳየን። ፕላኑ ለማመልከቻው ጠቀመ። ከመፈረማችሁ በፊት ስኪሙን፣ የሽያጭ ውሉ ላይ የተጣሉትን ገደቦችና ከወለሉ ሥር ማን እንደተቀበረ ጠይቁ። የሠላሳ ሣጥኑን ነገር አትርሱ።

ለጀማሪ የሚበቃ የታተመ ነገርም አለ። ሰርቬይ ኦፍ ለንደን የሚባለው ተከታታይ ሥራ ለንደንን ሰፈር በሰፈር ይዘረዝራል፤ የላምቤዟን ማርያም የያዘው በ1951 የወጣው 23ኛው ቅጽ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል። የእንግሊዝ የቅርስ መዝገብም እንዲሁ፤ ይህች ሕንጻ ደረጃዋ 2 ባለ ኮከብ ነው። እነዚህን ከቤት ሆናችሁ ሻይ እየጠጣችሁ ጨርሱና ነው ወደ እርሳሱ ክፍል የምትሄዱት።

እኔ መጨረሻ ላይ ያደረግሁትን ግን እናንተ መጀመሪያ አድርጉት። ፎቄ ሥር ያለችው እንግሊዛዊት አሮጊት ስለ ማርያም ሳወራ ሰምታ «እኔ እኮ እዚያ ነው ያገባሁት» አለችኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ሊፍት ውስጥ ስለ ዝናብ ነበር የምናወራው። ሠርጓ 1960ዎቹ ውስጥ ነው፤ መሠዊያው የት እንደነበር፣ ክረምት ላይ የትኛው ረድፍ እንደሚበርድ፣ ቄሱ ሲያስነጥስ ማማው እንደሚያስተጋባ፣ ይህ ሁሉ የትም አልተጻፈም። የመጨረሻው ቅዳሴ ላይ ስንት ሰው እንደነበረ ጠየቅኋት። በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች፣ በየስማቸው፤ አሥራ አንደኛው ላይ ስትደርስ ልጇ መጥታ ወሰደቻት። ሐሙስ ሻይ ጠርታኛለች። አምባሻ ልጋግርና ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ልወርድ ነው።